በማይክሮፎን የተተረጎመው ፍቅር

ለንጋት አዳራሽ ኃላፊ ለክቡር አቶ ዳልጮ
ወላይታ ሶዶ
መስከረም 13 ቀን 2003 ዓ.ም.

ክቡር አቶ ዳልጮ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል፣ ጉሮሮዎስ እንዴት ነው ብዬ በትሕትና እጠይቃለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ከፊልሙ በኋላ ያሰሙን የመዝጊያ ንግግር በርዝመቱ ከፊልሙ ብዙም ስላልተናነሰ፣ ድምፅዎ ተዘግቶ ከተማችን ያለ ንግግር እንዳትቀር ስሰጋ ሰንብቻለሁ። እኔ በበኩሌ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ያልሆነው ፊቴ ብቻ ነው፤ እሱንም ከቅዳሜ ወዲህ ወደ ሰው ማዞር ስላቃተኝ ምን እንደሚመስል የሚነግረኝ አላገኘሁም።

ደገፉ ዳና እባላለሁ። በኦቶና ሆስፒታል ካርድ ክፍል የሰው ስም ስጽፍ ያረጀሁ፣ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያኔ የማልቀር፣ በእርስዎ አዳራሽም ቲኬት ቆርጬ የምገባ ተራ ነዋሪ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአዳራሹ በር ላይ ባለው ሰሌዳ የለጠፍኩት የአስተያየት መስጫ ሳጥንዎን ንቄ አይደለም። ቁልፉ ከጠፋ ወዲህ አስተያየት የሚገባበት እንጂ የሚወጣበት መንገድ እንደሌለው ጥበቃው ስለነገሩኝ፣ ሐሳቤ እዚያ ውስጥ ከሌሎች ሐሳቦች ጋር ታፍኖ እንዳይቀር ብዬ ነው።

አስቀድሜ ማመስገን ይገባኛል። ዘንድሮ ኢድና እንቁጣጣሽ ተከታትለው ስለዋሉ፣ ይህንኑ ምክንያት አድርገው ስለ ወዳጅነትና ስለ ፍቅር የተሠራ አስቂኝ ፊልም ከአዲስ አበባ ማስመጣትዎ ግሩም ሐሳብ ነበር። ላላዩት ባጭሩ ልንገራቸው። ሁለት ጓደኛሞች አሉ፤ አንዱ ሙስሊም፣ ሌላው ክርስቲያን። ሙስሊሙ የጓደኛውን እህት ይወድና ሁለቱንም ቤተሰብ ለማስደሰት ሲል የሁለቱንም ሃይማኖት ጾም መጾም ይጀምራል። ከክሳቱ የተነሳም ሱሪው በየሰው ፊት ይወርዳል። ከዕረፍት በፊት የነበረውን ክፍል አዳራሹ ሙሉ በአንድ ላይ ስቋል፤ ከጎኔ የተቀመጠው ጀማለዲን ኮፍያው ወድቆበት ሳያነሳው እንባው እስኪወርድ ሲስቅ አይቻለሁ። ክቡርነትዎ ፊልሙን እዚያ ላይ አቁመው ቢያሰናብቱን ኖሮ ይህ ደብዳቤ አይጻፍም ነበር።

ጀማለዲንን ለእርስዎ ማስተዋወቅ ትርፍ ነገር ነው፤ በሶዶ ስኳር የላሰ ሁሉ ያውቀዋል። አባቱ ከስልጤ መጥተው የከፈቱትን ሱቅ ወደ ጅምላ ንግድ ያሳደገ ሰው ነው፤ ከእኔ ጋር ደግሞ ሁለታችንም ፀጉር ከነበረን ጊዜ ጀምሮ ወዳጆች ነን። የእሱ ባለቤት ዛራና የእኔ ባለቤት አስናቀች በኦቶና በአንድ ክፍል ጎን ለጎን ተኝተው ወለዱ፤ እነሱ ፈሪድን፣ እኛ ምሕረትን። የዘመን መለወጫችን ጊፋታ በመጣ ቁጥር ሰፈሩ ለበሬ ቅርጫ ሲሰበሰብ፣ እኔ ለብቻው አንድ በግ ጓሮዬ ውስጥ አስራለሁ። ጀማለዲን በበዓሉ ጠዋት የራሱን ቢላ በጨርቅ ጠቅልሎ ይመጣና ቢስሚላህ ብሎ በገዛ እጁ ያርዳል፤ ዛራም የራሷን ድስት ይዛ ትከተለዋለች። ከዚያ የበሬው ሥጋ በእኛ ድስት፣ የበጉ በእነሱ፣ የሚያቃጥለው ዳጣ ግን በመሃል በአንድ ሳህን ሆኖ አብረን እንውላለን። የፊታችን እሁድ ጊፋታ ነው። የዘንድሮው በግ ይህን ስጽፍ ጓሮ ውስጥ ይጮኻል፤ ማን እንደሚያርደው ግን አላውቅም።

ልጆቻችን አድገው ተዋደዱ። ምስጢር እያወጣሁ አይደለም፤ ከተማው ከእኛ ከአባቶቹ ቀድሞ ያውቅ ነበር። ምሕረትም መምህርት ስለሆነች ይህን ደብዳቤ አርማ፣ ሁለት ከረር ያሉ ቃላት አስወጥታ ፈቅዳለች። እኔና ጀማለዲን ግን ስለ ነገሩ አንድ ቀን ተነጋግረን አናውቅም። እኔ የቤተ ክርስቲያኔ ሽማግሌዎች አሉብኝ፣ እሱም ስልጤ ያሉት አጎቶቹ አሉበት፤ አንዳችን አፋችንን ብንከፍት ሌላው እንዳይቀየም እየፈራን ስለ ዝናብና ስለ ስሚንቶ መወደድ ስናወራ ከረምን። በመጨረሻ እሱ የእርስዎን ማስታወቂያ አይቶ መጣና፣ ፊልሙን አብረን እንየው፣ ስንመለስ በመንገድ ላይ ስለ ፊልሙ እናወራለን አለኝ። ስለ ፊልሙ ብቻ መሆኑን ደግሞ ነገረኝ። እኔም ስለ ፊልሙ ብቻ ነው አልኩ። ሁለታችንም ምን ማለታችን እንደሆነ ገብቶን ነበር፤ ልጆቹን የሌላ ሰው ልጆች አድርገን፣ የፊልሙን አባቶች ቃል ተውሰን፣ ከባዱን ነገር ልንጀምረው ነበር።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን በተራ አቀርባለሁ፤ ለሪፖርትዎ እንዲመችም ቁጥር ሰጥቻቸዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ አስተርጓሚው። በዕረፍት ሰዓት ከገጠር ቀበሌዎች የመጡ እናቶች አማርኛው ፈጠነብን ብለው ማመልከታቸው እውነት ነው፤ እርስዎም ወዲያው መፍትሔ መፈለግዎ የመልካም አስተዳደር ምሳሌ ሆኖ ሊጠቀስ ይገባዋል። ያገኙት መፍትሔ ግን ወንድም ኤርካሎ ነበር። ወንድም ኤርካሎ የተባረከ ሰው ነው፤ ከሌላ አገር የሚመጡ ሰባኪዎች ሁሉ በጉባኤያችን ላይ በእሱ አፍ ነው የሚሰብኩት። አሠራሩም የታወቀ ነው፤ እንግዳው አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ዝም ይላል፣ ወንድም ኤርካሎ ይቀበልና በወላይትኛ ያሞቃታል፣ ያሳድጋታል፣ ምስክርነት ይጨምርባታል፣ ጉባኤው አሜን ይላል፣ እንግዳው በትዕግሥት ቆሞ ይጠብቃል። ክቡር ሆይ፣ ፊልም አይጠብቅም። ወንድም ኤርካሎ ልጁ ለልጅቷ ሰላም ያላትን አሙቆ ሳይጨርስ እነሱ ተጣልተው ታርቀዋል፤ መታረቃቸውን ለመንገር ሲነሳ ደግሞ የልጅቷ እናት ሆስፒታል ገብተዋል። አንዴ ወደ ኋላ ከቀረ በኋላ ያላያቸውን ትዕይንቶች ከራሱ መሙላት ግድ ሆነበት፤ ከራሱ የሚያውቀው ታሪክ ደግሞ አንድ ዓይነት ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ድምፁ። የፊልሙ ድምፅ አስተርጓሚውን ይረብሻል ተብሎ በእርስዎ ትእዛዝ መቀነሱን አይተናል። በዚህም ተዋናዮቹ አፋቸውን ሲያንቀሳቅሱ ከማየት በቀር አማርኛውን ልንሰማ ለመጣነው ሰዎች ምንም አልቀረልንም። ፊልሙ ለፊልሙ ትርጉም እንቅፋት መሆኑን ያወቀ የመጀመሪያው አዳራሽ የእኛ ሳይሆን አይቀርም፤ ኩራት ይሰማናል።

ሦስተኛ፣ ስለ ተዋናዮቹ ሃይማኖት። መቁጠሪያ ይዘው፣ በግድግዳቸው ላይ የእመቤታችን ሥዕል ተሰቅሎ የሚታዩት የልጅቷ እናት በወንድም ኤርካሎ ትርጉም የወንጌላውያን መዘምራን መሪ ሆነው አገኘናቸው። ከፊቴ የነበሩት ጎረቤቴ ወይዘሮ ፈጠነች ነጠላቸውን አስተካክለው፣ አማትበው ወጡ። ቀጥሎ ሱሪው የሚወርደው ልጅ ንስሐ ገባ። ቀጥሎ በመንገድ ላይ ሲያልፉ ብቻ የታዩ አንድ ጥምጣም ያደረጉ ሽማግሌ፣ በፊልሙ ውስጥ አንድ ቃል እንኳ ያልነበራቸው፣ ከሕመማቸው ተፈወሱ። መንግሥት በአምስት ዓመት ሊያደርሰን ያቀደውን ትራንስፎርሜሽን ወንድም ኤርካሎ በአንድ ከሰዓት ጨርሶታል።

በመጨረሻው ትዕይንት ሁለቱ አባቶች በአግዳሚ ወንበር ላይ ብቻቸውን ተቀመጡ። የመጣነው ለዚህች ነበር። ጀማለዲን ወደ ፊት ዘንበል አለ፤ እጆቹ በጉልበቶቹ መሃል ተቆላልፈው ነበር። የልጁ አባት አንድ ነገር ተናገሩ፤ አጭር ነገር። የልጅቷ አባት ባርኔጣቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። በወንድም ኤርካሎ ሙያ ሽማግሌ ሰው እንባውን የሚጠርግበት ምክንያት አንድ ብቻ ስለሆነ፣ የልጁ አባት ከነቤተሰባቸው ጌታን ተቀበሉ ብሎ በወላይትኛ አወጀ።

አዳራሹ ተነሥቶ ቆመ። ሃሌ ሉያው፣ እልልታው፣ ጭብጨባው ጣሪያውን አናጋው። ከዚያም ሰዉ ወደ እኛ ዞረ፤ እኔን ሳይሆን ጀማለዲንንና ከኋላችን ከነልጆቻቸው የተቀመጡትን ሙስሊም ነጋዴዎች ለማየት። በጥላቻ ቢሆን ኖሮ መልስ ይኖረኝ ነበር። በፍቅር ነበር የዞሩት፤ እየሳቁ፣ እናንተም ቀናችሁ ደርሷል በሚል ዓይን። አንዲት እናት እጃቸውን በጀማለዲን ትከሻ ላይ ጭነው ዓይናቸውን ጨፍነው ይጸልዩለት ጀመር። እሱም እናት ናቸውና እጃቸውን ሳያነሳ፣ ጨርሰው እስኪለቁት ድረስ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ሰው በመልካም ምኞት እንዲህ ሲዋረድ አይቼ አላውቅም ነበር።

አራተኛ፣ ስለ ንግግርዎ። ነጋዴዎቹ ልጆቻቸውን እየያዙ በጎን በር ሲወጡ፣ እርስዎ ማይክሮፎኑን ተቀብለው የተመልካቹ ስሜት የመቻቻል ባህላችን ፍሬ መሆኑን ገለጹ። ሰኞ ዕለት በዚህ ሰሌዳ ላይ የወጣው ማስታወቂያም ፊልሙን የኅብረተሰቡ ክፍሎች በሙሉ በከፍተኛ ደስታ እንደተቀበሉት ይናገራል። ያን ዕለት ቢሮዎ ድረስ መጥቼ፣ ሙስሊም ወንድሞቻችን ማዘናቸውን በአክብሮት ሳመለክት የሰጡኝን መልስ እንዳለ እጽፈዋለሁ፤ «እነሱ መቼ ወላይትኛ ይሰማሉ?» ነበር ያሉኝ።

ክቡር ሆይ፣ ከሁምቦ በቆሎና ፍየል ይዘው የሚመጡ ሴቶች ከጀማለዲን ጋር በምን ቋንቋ የሚከራከሩ ይመስልዎታል? እናቴ ባረፈች ጊዜ በድንኳኑ ውስጥ ተነሥቶ በወላይትኛ፣ በሽማግሌ ወግ፣ የእናቴን ሙያ እየቆጠረ ያጽናናን እሱ ነበር፤ ከገጠር የመጡ ዘመዶቼ የማን ልጅ ነው ብለው ጠይቀውኛል። ፈሪድና እህቱ ሪሀና እርስ በእርስ ሲጣሉ እንኳ የሚሰዳደቡት በወላይትኛ ነው። ያን ቀን በአዳራሹ ውስጥ ወንድም ኤርካሎ ያለውን አንዲት ቃል ያልሰማ ሙስሊም አልነበረም። አጠገባችን ተወልደው ያደጉ ሰዎች የምንናገረውን አይሰሙም ብሎ ማሰብ ግን የእርስዎ ብቻ ስሕተት ስላልሆነ በቁጥር አላስገባሁትም።

ከዚህ በኋላ ያለው ቅሬታ በእርስዎ ላይ ስላልሆነ ቁጥር አልሰጠውም።

አዳራሹ ሲነሣ እኔም ተነሣሁ። ወንድም ኤርካሎ ጌታን ተቀበሉ ሲል እኔም አሜን አልኩ። አምኜበት አይደለም፤ ውሸት መሆኑን ከማንም በላይ አውቃለሁ። የእሱ ድምፅ ወጣ ብሎ ሲያርፍ አፌ ራሱ የሚከፈትበትን ጊዜ ያውቀዋል፤ ዕድሜዬን በሙሉ እንዲሁ ነው የኖርኩት። ጮክ ብዬም ነው ያልኩት፤ ጀማለዲን ቀና ብሎ አየኝ። ያን ጊዜ መቀመጥም መቆምም አቃተኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር፤ የእርስዎ አዳራሽ ወለል ግን በደንብ የተሠራ ስለሆነ አልሆነም።

ከአዳራሹ ስንወጣ ገና ፀሐይ አልጠለቀችም ነበር። ስለ ፊልሙ ልናወራ የተቃጠርንበትን መንገድ ዝም ብለን ሄድነው። ሌላ ጊዜ እሱ እኔን እስከ ቤቴ በር ድረስ ይሸኘኛል፣ እኔ እሱን መልሼ እሸኘዋለሁ፣ እንዲህ እያልን አስናቀች ወጥታ እስክትቆጣን እንመላለሳለን። ያን ቀን ግን እሱ በር ላይ ስንደርስ «ደህና እደር፣ አቶ ደገፉ» ብሎኝ ገባ። በሕይወቴ አቶ ብሎኝ አያውቅም። ከዚያ ወዲህ በሱቁ በኩል ላለማለፍ በኋላ መንገድ በጭቃው ውስጥ ወደ ሥራ እሄዳለሁ። ምሕረት ምን ተባባላችሁ ብላ ትጠይቀኛለች። እሷና ፈሪድ የእኛን አፍ ሲጠብቁ እኛ ሁለት ሽማግሌዎች ተደባብቀን ቀረን። አፍሬአለሁ። ማለት ያለብኝ ይኸው ነበር፤ ለዚህ ያህል ይህን ሁሉ መንገድ ዞርኩ።

ክቡርነትዎ አስተዋይ ነዎትና ደብዳቤው ለምን ከሱቁ ትይዩ ባለው በእርስዎ ሰሌዳ ላይ እንደተለጠፈ ሳይገባዎት አይቀርም። ጀማለዲን በየጠዋቱ ሱቁን ሲከፍት በዚህ በር ያልፋል። ፊት ለፊት ቆሜ ይቅር በለኝ የምልበት ፊት ስላጣሁ፣ ለእርስዎ በጻፍኩት ላይ ዓይኑ እንዲያርፍ አደረግሁ። ስለዚህ በስምዎ መጠቀሜን ይታገሡኝ፤ እርስዎም የእኛን ደስታ በስማችን ጽፈው ሪፖርት አድርገዋልና እኩል ለእኩል ነን።

የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። የልጁ አባት በአግዳሚ ወንበሩ ላይ የተናገሯትን ያቺን አጭር ቃል፣ ፊልሙን መልሰው አጫውተው፣ በአማርኛዋ፣ ማንም ሳያሞቃት፣ በዚህ ሰሌዳ ላይ ይለጥፉልን። የምንጠቀምበት ሁለት ሰዎች አለን።

ስለ ፈጣን አገልግሎትዎ፣ ስለ ረጅም ንግግርዎና ያልተሰማንን ደስታ ስለሰጡን ሁሉ በእናት ቋንቋዬ ጦሲ ኢሞ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እያልኩ፣ ወንበርዎ እንዲጸናልዎ፣ ማይክሮፎንዎም አንዳንድ ጊዜ ዕረፍት እንዲያገኝ ከልብ እመኛለሁ።

ከታላቅ አክብሮትና ከዚያ ከሚበልጥ ኀፍረት ጋር፣
ደገፉ ዳና

ግልባጭ፦
ለወንድም ኤርካሎ (ሳያስረዝሙ እንዲያነቡት)
ለአስተያየት መስጫ ሳጥኑ (ቁልፉ ሲገኝ)

በጊፋታ ማግስት ከፊርማዬ ሥር የተጨመረ፦

ክቡር ሆይ፣ ለጥያቄዬ መልስ በሰሌዳው ላይ ባለማየቴ ሥራ በዝቶብዎ እንደሆነ ተረድቻለሁና ከእንግዲህ አይድከሙ።

ትናንት በበዓሉ ጠዋት የቤቴ በር ተንኳኳ። ስከፍት ፈሪድ ቆሟል፤ የአባቱን ቢላ በዚያው በምናውቀው ጨርቅ ጠቅልሎ ይዟል። ዓይኔን ከጫማው ላይ ማንሳት አልቻልኩም። እሱም መሬት መሬቱን እያየ የተላከውን ተናገረ፤ «አባቴ ደብዳቤውን አንብቤዋለሁ፣ ረዝሟል ብሏል። እጄን ደክሞኛል፣ ከእንግዲህ በጊፋታ እዚያ ቤት የምታርደው አንተ ነህ ብሎኛል።» ከእንግዲህ የምትለዋን ቃል አስናቀች ከውስጥ ሰምታ ወጣች። ምሕረት ለእጁ ውኃ ይዛ መጣች፤ ማንም አላዘዛትም።

ከሰዓት በኋላ ጀማለዲን ራሱ መጣ፤ ዛራ ድስቷን ይዛ ቀድማው ገብታ ነበር። የሁልጊዜ ቦታው ላይ ተቀምጦ ከዳጣው ቀመሰና፣ ያ ሰውዬ በመጨረሻ ምን ነበር ያለው ብሎ ጠየቀኝ። አልሰማሁም አልኩት። እኔም አልሰማሁም አለ። ከዚያ ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋ፤ ስለ ፊልሙም ማውራት ጀመርን። ገና አልጨረስንም፤ ዛሬም ይመጣል። እባክዎን አስተርጓሚ እንዳይልኩብን።